«እግዜር ያጽናህ»ን በእንግሊዝኛ ምን ትሉታላችሁ?

ሌሊት ፈረቃ

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ነገር ከነከነኝ ሳምንት አለፈው፣ ትገላግሉኛላችሁ ብዬ ነው።

የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ሌሊት እሠራለሁ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ አሜሪካዊ ልጅ አለ። አልጋ ላይ ያሉትን ስናገላብጥ ከባዱን ጎን ሁልጊዜ እሱ ነው የሚይዘው፣ ወገብሽ ይታመማል እያለ። ባለፈው እናቱ ሞተችበት። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባ። በሦስተኛው ቀን! እኛ እኮ ገና ድንኳኑን አናፈርስም። እና ምን ልበለው? እኔ ያለኝ «እግዜር ያጽናህ» ነው። እሱን በጭንቅላቴ ገለበጥኩና «ሜይ ጋድ ሜክ ዩ ስትሮንግ» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «ደካማ መስዬ ታየሁሽ እንዴ?» አለኝ። በቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፣ ልጁ ከልቡ ነው የጠየቀኝ። ክው አልኩ። «ኖ ኖ ኖ» እያልኩ አንሶላውን አቅፌ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባሁና ማሽኑ እስኪያልቅ እዚያው ቆምኩ።

ሌሎቹ «አም ሶሪ ፎር ዮር ሎስ» ሲሉት ሰምቻለሁ። ግን «ሶሪ» የሰው እግር ስረግጥም የምለው ቃል ነው። እናቱ ለሞተችበት ሰው ይችኑ ቃል አውጥቼ መስጠት አልሆነልኝም።

ከዚያ ወዲህ ደግሞ ሁሉም ነገር ይታየኝ ጀምሯል። ባለፈው ዓመት አንዷ ነርስ ወልዳ ስትመለስ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ልላት ፈልጌ «ሜሪ ፎርጌቭ ዩ» ብያት ነበር፣ «ምን አድርጌያት?» አለችኝ። አንዷ ባልቴት ስትደናቀፍብኝ ሳላስበው ከአፌ የሚወጣው «እኔን!» ነው። አንድ ቀን በእንግሊዝኛ ሊሆን ተሳስቶ «ሚ!» ብዬ ጮህኩ። እሳቸው ወድቀው ሊሞቱ ነው፣ እኔ «እኔ» እያልኩ እጮሃለሁ።

እስኪ እናንተ ምን ትላላችሁ? ጉግል አትበሉኝ፣ እሱን ሞክሬዋለሁ።

ባለታክሲው

እህቴ አይዞሽ። (ይኸው፣ ይቺንም ተርጉሚያት!)

እኔ ከአንቺ ብሻል እንጂ አልብስም ብዬ ነበር፣ ግን ልናገር። አየር ማረፊያ የማመላልሰው ደንበኛ አለኝ። ሁለት ወር ሙሉ ድምፁ ጠፋ። አንድ ቀን ደውሎ ጠራኝ፣ መኪና ውስጥ ገባ፣ ደስ ብሎኝ «ዩ አር ሎስት!» አልኩት። «ጠፋህ እኮ» ማለቴ ነው። ሰውየው ስልኩን አውጥቶ ካርታ ማየት ጀመረ። ገና ከበሩ ላይ አልተነሳንም እኮ! «አይ፣ አንተ ነህ የጠፋኸው» ስለው ጭራሽ ባሰበት። ያን ቀን ጉርሻ አልነበረም።

ሁለተኛው ደግሞ እንብላ ነው። ድሮ መጋዘን ስሠራ ምሳዬን ስከፍት አጠገቤ ለተቀመጠው ሁሉ «ፕሊዝ፣ ሌትስ ኢት» እል ነበር። በአገርህ «ይባረክ፣ ብላ» ብሎ ያልፋል፣ አለቀ። አንዱ ፈረንጅ ሹካውን ይዞ መጣና ግማሹን በላው። ዶሮ ነበረች። እንቁላሏንም ጭምር። ከዚያ በኋላ ጀርባዬን ሰጥቼ መብላት ለመድኩ፣ እናቴ ብታየኝ ምን እንደምትል አላውቅም።

ጉግልን ተይው፣ አማርኛን የጨመረው በፈረንጆቹ 2016 ነው። ገና አፉን አልፈታም።

አስተርጓሚ ነኝ

የሆስፒታል አስተርጓሚ ነኝ፣ ዲሲ አካባቢ። እንጀራዬ ይሄ ስለሆነ ትንሽ ላርዝም።

«አይዞህ»ን እንውሰድ። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት ቦታ ሰምቼው ሦስት ቦታ ለየብቻ አውጥቼው አውቃለሁ። ጠዋት አንዲት እናት ልጇ መርፌ ሲወጋ «አይዞህ የኔ ጌታ» አለችው፣ «ኢትስ ኦኬይ ቤቢ፣ አም ራይት ሂር» ብዬ ለነርሷ ነገርኳት። ምክንያቱም እዚያ ቦታ ቃሉ የሚለው «አለሁልህ» ነው። ቀትር ላይ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚገባ ሰው ወንድሙ «አይዞህ» ሲለው «ዩ ጋት ዚስ» ሆነ። ማታ ደግሞ ባሏ ከሞተባት ሴት ጋር ነበርን፣ እህቷ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለች ጀርባዋን ታሻት ነበር። እዚያ ላይ መዝገበ ቃላት ያለውን «ቺር አፕ» ባወጣ ኖሮ ሐኪሙ እህትየዋን ጨካኝ ይላት ነበር። «ሺ ኢዝ ኮምፈርቲንግ ኸር» አልኩና ዝም አልኩ። እጇ ይታያል፣ እጇን መተርጎም አያስፈልገኝም።

አንቱታውም አለ። ሐኪሙ ሃያ ስምንት ዓመት የሞላው አይመስልም፣ ታማሚው ሰማንያ ያለፋቸው አባት ናቸው፣ «ሲት ዳውን» ይላቸዋል። እኔ «ይቀመጡ አባቴ» እላለሁ። «አባቴ» አላለም ካላችሁኝ፣ ልክ ናችሁ፣ አላለም። ደንቡን ካጠበቅነው መጨመር የለብኝም። እጨምራለሁ።

ሰው የሚጎዳው ግን ከሁሉም በላይ ትንንሹ ነገር ነው። ነርሷ «ዩ ዶንት ሃቭ ኤኒ አለርጂስ?» ትላለች፣ ያገሬ ሰው «የስ» ይላል። «አዎ፣ የለኝም» ማለቱ ነው፣ በእኛ አነጋገር ትክክል ነው። እሷ ግን «አለው» ብላ ትጽፋለች። ሌላም አለ፦ አንዳንዶቻችን «አዎ»ን ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን ነው የምንለው። አንዲት እናት ለእያንዳንዱ ጥያቄ እንደዚያ «እህ!» ሲሉ ነርሷ ደንግጣ ጣት ላይ የሚሰካውን የኦክስጅን መለኪያ አመጣችላቸው። «ትንፋሽ ያጥርዎታል?» ብዬ ስጠይቃቸው ምን ቢሉ ጥሩ ነው? «እህ!»

ሰዓቱ ደግሞ ያስለቅሳል። አንድ ሽማግሌ ለሆድ ዕቃ ምርመራ ቀጠሮ ነበራቸው። ደብዳቤው «8 ኤኤም» ይላል፣ የእህታቸው ልጅ በስልክ «በ8 ሰዓት ነው» ብላ አነበበችላቸው። እሳቸው በአገራቸው አቆጣጠር ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከች አሉ፣ ማለትም 2 ፒኤም። ሌሊቱን በሙሉ ያንን ሆድ የሚያጥበውን መድኃኒት ጠጥተው፣ ምግብ ሳይቀምሱ። ቀጠሮው ካለፈ ስድስት ሰዓት ሆኖታል። እባካችሁ ለወላጆቻችሁ ቀጠሮ ስታነቡ «ከጠዋቱ 2 ሰዓት» ብላችሁ ንገሯቸው፣ የፈረንጁን ቁጥር እንዳለ አትስጧቸው።

ለጥያቄሽ፦ «አም ሶ ሶሪ አባውት ዮር ማም» በይው። «ሎስ» የምትለው ቃል ከብዳሽ ከሆነ ተያት፣ እናቱን ጥሪያት። ስሟን ካወቅሽ ደግሞ ስሟን።

እዚህ ያደግኩ

ሃይ፣ አማርኛዬ ሲጻፍ ብዙ ስህተት አለው፣ አትሳቁብኝ።

እኔ የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ የእማዬ አስተርጓሚ ነበርኩ። ባንክ፣ ትምህርት ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ ሁሉም ጋ። አንድ ቀን ሐኪሙ ምን እንደሚያማት ጠየቀ። እማዬ በአባዬ ተናዳ ነበር የመጣችው፣ እና «ምን ያመኛል፣ ቆሽቴ ነው ያረረው» አለች። እኔ ቆሽት ምን እንደሆነ ከአጎቴ ሰምቼ አውቅ ነበር፣ ነርስ ነው። በጣም ኮራሁ። «ኸር ፓንክሪያስ ኢዝ በርንት» አልኩ። ሐኪሙ ብድግ አለ። ደም ተወሰደ፣ ሆዷን ተጫኗት፣ ምን እንደምትጠጣ ጠየቋት። እማዬ «ምን አልሽው?» ትለኛለች፣ እኔ «ያልሽውን» እላታለሁ። ቆሽት ማረር መናደድ መሆኑን ያወቅኩት ቤት ስንደርስ አባዬ ሲስቅ ነው። እሷ ለሁለተኛ ጊዜ አረረች።

ሌላው ቦይፍሬንዴን ቤት ያመጣሁ ቀን። እማዬ ሶፋው ላይ አስቀመጠችውና «ፕሌይ! ፕሌይ!» አለችው። «ተጫወት» ማለቷ ነው። ልጁ ዙሪያውን አየ፣ ምንም መጫወቻ የለም። የታናሽ ወንድሜን ኳስ ከመሬት አንስቶ ያዘ፣ ምስኪን። ምግብ ላይ ደግሞ «በሞቴ» ጀመረች። ምን አለች ሲለኝ «ካልበላህ እሞታለሁ አለች» አልኩት። ሦስት ጊዜ ጨመረ። አሁንም ይፈራታል።

በአስተርጓሚው ግን ትንሽ አልስማማም። አንዳንዱን አትተርጉሙት። እኔ አሁን ጓደኞቼ ሲያዝኑ «አይዞሽ» ነው የምላቸው፣ በአማርኛ፣ ከዚያ «ኢት ሚንስ አም ዊዝ ዩ» እላለሁ። ሁለቱ አሁን ራሳቸው ይሉኛል። አንደኛዋ በጽሑፍ ትልክልኛለች።

አስተርጓሚ ነኝ

ያ ሐኪም ሕፃን ልጅ ማስተርጎም አልነበረበትም። ይሄን የምታነቡ ወላጆች ካላችሁ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ መሠረቱ በፈረንጆቹ የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ነው። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀር ልጃችሁ ታስተርጉም ሊሏችሁ አይችሉም። ዲሲ ደግሞ በፈረንጆቹ 2004 በወጣው የቋንቋ ሕጓ የከተማዋ መሥሪያ ቤቶች በአማርኛም ያስተናግዳሉ። «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊዝ» ማለት ብቻ ነው። አፍሮ ዝም የሚለው ሰው ብዛቱ ነው እኔን ቆሽቴን የሚያሳርረው።

አትተርጉሙት ላልሽው፦ ለጓደኛ ይሆናል። ለሐኪም «አይዞሽ ማለት ምን መሰለህ» ብዬ ላስረዳው አልችልም፣ በሩ ላይ ሌላ ታማሚ እየጠበቀው ነው።

የቋንቋ መምህር

አዲስ አበባ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ጠያቂዋ «ሶሪ»ን ስለናቀቻት ልከራከርላት ነው የመጣሁት።

«ሶሪ» መጀመሪያ ይቅርታ አልነበረችም። በድሮው እንግሊዝኛ የተወለደችው ዛሬ «ሶር» ከሚሉት ቃል ነው፣ ቁስል፣ ሕመም ማለት። ስለዚህ «አም ሶሪ» ያለ ሰው ከሥሩ ከተያዘ «አመመኝ» ነው ያለው። ይቅርታ መጠየቂያ የሆነችው ቆይታ ነው። እግር ስትረግጪ የምትያት ታናሽዋ ናት፣ ለቅሶ ላይ የምትባለው ታላቅዬዋ። አሁን አስቢው፦ «አመመኝ» ማለት እኛ «እኔን!» ከምንለው ምን ያህል ይርቃል? እኔን ይምታኝ፣ በእኔ ይሁን ነው የእኛው። የእነሱ እስከዚያ ባይሄድም ቁስሉን ተካፍለው ነው የሚወስዱት። ባልቴቷ ሲደናቀፉ «ኦ፣ አም ሶሪ!» ብትዪ የሚያስቅብሽ የለም። ምናልባት «አንቺ ምን አጠፋሽ?» ይሉሽ ይሆናል፣ ይበሉ።

ፈረንጅ ምርቃት የለውም የሚባለውንም አልቀበልም። ነበረው፣ እያለቀበት ነው። «ጉድባይ» እኮ «ጋድ ቢ ዊዝ ዪ» የሚለው ሲነገር ሲነገር ተሸራርፎ የቀረው ነው፣ «እግዜር ካንተ ጋር ይሁን» ማለት። ሰው ሲያነጥስ «ብለስ ዩ» ይላሉ፣ «ይማርህ» ነው። ተማሪዎቼ ይሄን ስነግራቸው ይገርማቸዋል።

«ሜክ ዩ ስትሮንግ» ለምን ከሸፈ? «ሜክ» ስላለችበት ነው። የሌለውን ነገር መሥራት ትመስላለች። «ያጽናህ» ግን የቆመውን እንዳይወድቅ መያዝ ነው። «ሜይ ጋድ ጊቭ ዩ ስትሬንግዝ» ብትዪው ኖሮ ይሄ ሁሉ አይመጣም ነበር፣ አማኞቻቸው እንዲሁ ነው የሚሉት። ልዩነቱ አንዲት ቃል ናት።

የወሎዋ

ዱባይ ዘጠኝ ዓመት ሠርቼ ነው እዚህ የመጣሁት። እውነቱን ልንገራችሁ? አረብኛ ላይ ይሄ ችግር አልነበረብኝም። ሥራ ላይ ያለ ሰው ስታልፉ «አላህ የዕጢክ አልዓፊያ» ትላላችሁ፣ ብርታቱን ጤናውን ይስጥህ ነው፣ በእኛ «በርቱ» የምንለው ቁጭ። የታመመ ሲጠየቅ «ማ ትሹፍ ሸር» ይባላል፣ ክፉ አይይህ። ለቅሶ ላይም «ሰብሩን ይስጣችሁ» ስንል ቃሉ ራሱ የነሱ ነው። ማዳሜ ሳትገባኝ ቀርታ አታውቅም በዚህ በዚህ። (በሌላ በሌላው ይቅር።) እንግሊዝኛ አገር ስመጣ አፌ የታሰረ መሰለኝ። ሰው ሲሠራ አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም፣ «ጉድ ጆብ» እላለሁ፣ እንደ አለቃ ያዩኛል።

ስለ ማርያሙ ግን ማንም አልመለሰላትም እኮ። እኛ ሰፈር እስላም ክርስቲያኑ ምጥ ላይ ማርያምን ሲጠራ ነው ያደግኩት። «ኮንግራቹሌሽንስ» የሚባለው ለሕፃኑ ነው፣ የእኛው ለእናቲቱ ነው። እሷ ከሞት አፍ ተመልሳለች፣ «ማረችሽ» ማለት ያ ነው፣ ተረፍሽ። አያቴ አራስ ስትጠይቅ ልጁን ዘወር ብላ አታይም ነበር መጀመሪያ። የእናቱን ግንባር ስማ፣ እግሯን ዳብሳ፣ ገንፎ በልታለች አልበላችም ብላ ጠይቃ፣ ከዚያ ነው ወደ ልጁ የምትዞረው። እኔ እዚህ ያሉትን «አም ሶ ግላድ ዩ አር ኦኬይ» እላቸዋለሁ። አንዷ እንዲህ ስላት አለቀሰች። ከወለድኩ ጀምሮ እኔን የጠየቀኝ የለም አለችኝ።

ሌሊት ፈረቃ

ኧረ እጃችሁ ይባረክ (በቃ አልተረጉመውም)።

መምህር፣ ስለ «ሶሪ» የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ትናንት ማታ ፈረቃችን ገጠመ። ምስር ወጥ በሩዝ ሠርቼ ይዤለት ሄጄ ነበር፣ እንጀራ ይከብደዋል ብዬ። ሦስት ሰዓት ሌሊት ላይ፣ በነሱ ማለቴ ነው አስተርጓሚ፣ ሁሉም ሲተኙ ማረፊያ ክፍል ተቀመጥን። ሰጠሁት። «አም ሶሪ አባውት ዮር ማም» አልኩት። ቀጥዬም ያን ቀን ምን ልለው ፈልጌ እንደነበር ነገርኩት፣ መጀመሪያ በአማርኛ፣ ከዚያ እንደ መምህር አድርጌ። ማንኪያውን አስቀመጠና ቆይቶ ስለ እናቱ ማውራት ጀመረ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበረች። ጠዋት ጠዋት ጥሩምባ ስትነፋ የመንደሩ ልጅ ሁሉ ይሮጥ ነበር አለኝ። እስከ አራት ሰዓት አወራ። ቀብሩ ላይ እንኳን እንዲህ አላወራሁም አለ።

ሲነሳ «ያ ቃል ምን ነበር?» አለኝ። «እግዜር ያጽናህ» አልኩት። ሊለው ሞከረ፣ «ጽ»ዋ ላይ ምላሱ ተቆላለፈ። እሱን እንኳ እኛም አገር ግማሹ ሰው «ያጥናህ» ነው የሚለው ብዬ አጽናናሁት።

ዛሬና ነገ እረፍት ነው። ዓርብ እንገናኛለን።

ባለታክሲው

ዓርብ ስታገኚው «ጠፋህ» እንዳትዪው ብቻ። ካርታ ያወጣል።